ቁጥር ሰባት ያልተኮሰቻቸው አንሶላዎች

ሻምበል ስትቆጣ መጀመሪያ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ብልህ የሆነ ሰው ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል። ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሥራ አስኪያጅ አትል፣ ሾፌር አትል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ታጥባቸዋለች። ሻምበል ያልናትም ለዚሁ ነው እንጂ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የጠዋቱ ደወል ሳይደወል በመተኮሻው ክፍል መሃል ቆማ «ምን ትጠብቃላችሁ? ካውያው ራሱ ይተኩስ?» ስትል የማይሮጥ የለም።

እኔን መቀስ ይሉኛል። ያስጠራኝ ምላሴ ነው። የምጽፈው ስለ እሷ ነው፣ የምጽፈውም እየተናደድኩ ነው። የሚከፋው ካለ ይከፋው።

ሥራችን የሆቴሎችን ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከጣሪያው ሥር ሁለት ጠባብ መስኮቶች አሉ፤ በእነሱ የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ከማየት ብዛት ሰውን በጫማው መለየት ተምረናል። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ገና በመስኮቱ ሲያልፍ እናውቃለን፣ ጫማው ሁልጊዜ አዲስ ነውና። ውስጡ እንፋሎት ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ነው፣ የሳሙና ሽታ ነው። አሥር አሥር አንሶላ ተኩሰን፣ አጥፈን፣ በክር እናስርና እስሩ ላይ የየራሳችን ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት እንሰካለን። ማታ ተቆጣጣሪው ወረቀቶቹን ለቅሞ ይቆጥራል። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ስምንት እስር ነው። ተቆጣጣሪውን አቶ ሰዓት እንለዋለን፤ ዓይኑ ከግድግዳው ሰዓት ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ሰዓቱ ነው። ሰው አያይም። ይሄ ነገር ልብ ይባልልኝ።

ሻምበል ቁጥር ሰባት ናት። እዚህ ስትቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሃምሳ ሦስት። እህቷ ስትሞት የእህቷን ሁለት ልጆች ወስዳ አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ባልም ነበራት። አንድ ቀን ቁርሱ ላይ ጨው አነሰ ብሎ ሲያጉረመርም «በሩ ክፍት ነው» አለችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ወጣ፣ ሲመለስ ተቆልፎ አገኘው። ይህን ስታወራ እንኳ አትስቅም፤ ዛሬም ድረስ እንደ አዲስ ትናደዳለች።

አራት ጓደኛሞች ነን። እሷ፣ እኔ፣ የመንታዎቹ እናት፣ አራተኛዋ ደግሞ ዝምታ የምንላት። የመንታዎቹ እናት አፏ አያርፍም፣ ሳቋም አያርፍም። ዝምታ ግን በቀን አሥር ቃል ከተናገረች በዓል ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ከአልጋዋ አልነሳም ብላ ነበር። ሻምበል ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሯን እየደበደበች፣ ፀጉሯን እያበጠረች፣ እጇን ይዛ ወደ ሥራ አመጣቻት። መንገድ ላይ እየሰደበቻት ነው ታዲያ። ሻምበል ስትረዳ ትሳደባለች። እኔ ሆዴን ተቀድጄ የተኛሁ ጊዜ ገላዬን ያጠበችኝ እሷ ናት፤ «ይሄ ሁሉ ስጋ ምን ይሠራልሻል?» እያለች ነው ያጠበችኝ።

መስጠት ትችልበታለች፣ መቀበል ግን አልፈጠረባትም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት ስትንገዳገድ የመንታዎቹ እናት ቦርሳዋን ተቀብላት እስከ አውቶቡሱ ብትሸኛት አንድ ወር አኮረፈቻት። «እኔ አሮጊት ነኝ?» ነበር ጥያቄዋ።

ዘንድሮ ለገና በዓል ሁለት ወር ሲቀረው እርጥብ ልብስ የጫነ ጋሪ ከመግቢያው ቁልቁለት ላይ አመለጠ። ታች ቆማ የነበረችው አንዲት አዲስ ልጅ ነበረች። ሻምበል ዘልላ ገባችና ጋሪውን በትከሻዋ አቆመችው። ግድግዳው ላይ ሲያጋጫት ሁላችንም ሰማን። «ምንም አልሆንኩም፣ ወደ ሥራችሁ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካውያውን በግራ እጇ ያዘች። ሻዩንም በግራ፣ በሩንም በግራ። ቀኝ ክንዷ ከጎኗ አይላቀቅም። በቀን ከአራት እስር በላይ መተኮስ አልቻለችም።

እኔ ይህን አየሁ። ብጠይቃት ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ አልጠየቅኳትም። እጄ ፈጣን ነው፣ በቀን አሥራ አንድ እስር አወጣለሁ። ስለዚህ አቶ ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ከእኔ እስሮች ሦስቱን የሰባት ቁጥር ወረቀት እየሰካሁ ወደ እሷ ክምር መግፋት ጀመርኩ። እሷ መቁጠር አትወድም፤ «መቁጠር ለአቶ ሰዓት ነው» ትላለች። ለማንም አልተናገርኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የመንታዎቹ እናት ከሰማች ደግሞ አፋፍም አይበቃውም።

የገና ሳምንት ሲቃረብ ሆቴሎቹ ሞሉ፣ ሥራው ሦስት እጥፍ ሆነ። ቅዳሜ ከሥራ ልንወጣ ስንል ሥራ አስኪያጁ በአዲሱ ጫማው ወረደና ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። የሁለት ወር ውጤት ነው አለ። ከሁሉ በላይ፦ ቁጥር ሰባት፣ በቀን አሥራ አምስት እስር።

ሁላችንም ወደ ሻምበል ዞርን። እሷ ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብላ አነበበች፣ ደገመች።

«እዩ!» አለ ሥራ አስኪያጁ እያጨበጨበ። «ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው! እናንተ ምን ነካችሁ? ከበዓሉ በኋላ የሁላችሁም ድርሻ አሥራ ሁለት እስር ይሆናል። የገና ዋዜማ ዕለት ባለቤቱ ፎቶ አንሺ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይዘሮ ቁጥር ሰባት በፊታቸው ተኩሳ ታሳያለች።»

ከሁሉ በታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ በቀን አራት እስር፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ፣ ከበዓሉ በኋላ አትመለስም።

አሥራ ዘጠኝ ዝምታ ናት።

እኔ መጀመሪያ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው። አራትና ሦስት ሰባት ነው፤ አሥራ አምስቱ ከየት መጣ? ዝምታስ ዘጠኝ እስር የምታወጣ ሴት እንዴት አራት ትባላለች? ሻምበል አቶ ሰዓትን በግራ እጇ ኮሌታውን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። «ትቀልድብኛለህ?» ስትለው ሰማሁ። እሱም «እማዬ፣ ወረቀቱ ይኸው» እያለ የወረቀት ክምር አሳያት። እማዬ መባሉን እንኳ አልተቆጣችም። ዝም አለች። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ማምለጥ ግን አልተቻለም። እኛ አራታችን ገና ከመድረሱ በፊት መጋረጃ የምናጥብበት ተራ አለን። ዓመቱን ሙሉ የሰው ጨርቅ ስናነጣ ከርመን የየቤታችንን መጋረጃ የምናጥበው በዓመት አንዴ ነው፤ አራታችንም አንድ ቤት ተሰብስበን፣ ተራ በተራ። በማግስቱ እሑድ የሻምበል ቤት ተራ ነበር። ሁለት ክፍል ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጀርባዋ ጠባብ በረንዳ። ስንደርስ በሩን ከፍታ፣ ሰላምታም ሳትሰጠን፣ ኮቷን እንደደረበች ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጋረጃዎቹን ራሳችን አወረድን፣ ሳፋውን ራሳችን ሞላን። የመንታዎቹ እናት እንኳ ዝም ብላ ታሻለች። ሦስተኛውን መጋረጃ ስንጨምቅ ሻምበል ተነሳች።

«ማናችሁ ናችሁ?»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ግን ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «በቀን ሦስት።»

«አንቺ?» አለች የመንታዎቹ እናት ሳሙና በያዘ እጇ ደረቷን እየመታች። «እኔ ነኝ እንጂ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው! በቀን ሦስት እስር፣ ለማንም ሳልናገር! እኔ፣ ለማንም ሳልናገር!»

ሁለታችንም ወደ ዝምታ ዞርን። የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ነበር። ለቀቀችውና አምስት ጣቷን ዘርግታ አሳየችን። ውሃው ከጣቶቿ ይንጠባጠባል።

የመንታዎቹ እናት መጀመሪያ ሳቀች፤ ያለ ሳቅ አይሆንላትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች። «እኛ ግን እያንዳንዳችን ሃምሳውን ተሸከምነው!» ማንም አብሯት አልሳቀም። የተሰማኝ እፍረት ነው። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? ሦስታችን በአንድ ጠረጴዛ ምሳ እየበላን፣ አንድ አውቶቡስ እየተሳፈርን፣ ሌላዋ ምን እንደምታደርግ አላወቅንም። ይሄ ሁሉ የሆነው አንዲት ሴት እንዳትቆጣ ነው።

ሻምበል ግን ተቆጣች። «እኔ ለማኝ ነኝ? በር ላይ ቆሜ ስለ እግዚአብሔር አልኳችሁ? ሦስት ጅሎች! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እናንተ ነው!» ከዚያ ወደ ዝምታ ሄደች። «አንቺስ? ማስጠንቀቂያ ስትፈርሚ አፍ የለሽም? አንዱን ስትፈርሚ፣ ሁለተኛውን ስትፈርሚ፣ ምን ብለሽ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው» አለች ዝምታ።

ተቀምጠን መከርን፤ ምክር ከተባለ። የመንታዎቹ እናት ከነገ ጀምሮ ሁላችንም የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር እንስካ አለች። የቀረው ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ የሁለት ወሩን አይሸፍነውም። ሄደን እውነቱን እንናገር ብንል ደግሞ ወረቀት መቀያየር አራታችንንም ያስባርራል፤ በደንቡ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ያን ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩ ልናገር፤ ስለ ሌላው እየጻፍኩ የራሴን ልደብቅ አልችልም።

«አራት ከሚባረር አንድ ይሻላል» አልኩ።

ዝምታ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ ነው ይህን ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ሻምበል ሳሙናውን በግራ እጇ አንስታ ወረወረችብኝ፣ ትከሻዬን አገኘኝ። «ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ!» አለች። አልወጣሁም። አለቀስኩ። ዝምታ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፤ እሱ ደግሞ ከሳሙናው በላይ አመመኝ።

«ተዉት» አለች ሻምበል በመጨረሻ። «እኔ አውቃለሁ። ማናችሁም አፋችሁን እንዳትከፍቱ፣ አለዚያ ከእኔ ጋር አበቃ።»

የዋዜማው ዕለት ክፍሉ ተወልውሎ፣ ግድግዳው ላይ የወረቀት ጌጥ ተንጠልጥሎ ጠበቀን። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ በሙቀቱ ፊታቸው ወዛ፣ ቶሎ ወጥተው መሄድ እንደፈለጉ ያስታውቃል። ፎቶ አንሺው የካሜራውን መስተዋት ቢጠርገው ቢጠርገው እንፋሎቱ አልለቅ አለው። አቶ ሰዓት የሩጫ ሰዓት ይዞ ቆሟል። ሻምበል በመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

አንሶላውን በግራ እጇ ዘረጋች። ቀኙን ልትጨምር ስትሞክር ክንዷ ከወገቧ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። ካውያውን ያዘች። አንዱን ጫፍ ተኩሳ፣ ካውያውን አስቀምጣ፣ አንሶላውን በአንድ እጇ ጎትታ፣ እንደገና ካውያውን አነሳች። እንደዚህ፣ እንደዚህ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ አንሶላ ነው። ፎቶ አንሺው ማንሳቱን አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሳል ሳል አለው። እሷ ግን አንዲት እጥፋት ሳታስቀር እስከ መጨረሻው ተኩሳ፣ በአንድ እጇና በአገጯ አጠፈችው። አሥራ አንድ ደቂቃ። አቶ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አየ።

«ቁጥር ሰባት ይሄ ነው» አለች ሻምበል። «በቀን አራት እስር። የቀረውን የሰረቅኩት ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ክምር ወረቀታቸውን እየነቀልኩ የራሴን ስሰካ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ነው ብዙውን የወሰድኩት፤ አትናገርማ፣ ዝምተኛ ናት። አሥራ ሁለት እስር ሰው አይተኩስም። እኔም አልተኮስኩም።»

ምላሴ መቀስ የሚባለው ሴት፣ እዚያ ቆሜ፣ አንዲት ክር አልቆረጥኩም። የመንታዎቹ እናት አፏን በሽርጧ ይዛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እቃ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ሌባ ስትባል ሰማን፤ ሌባ ያለቻት ደግሞ ራሷ ናት።

የተንቀሳቀሰችው ዝምታ ናት። ከሰልፉ ወጣች። «አልሰረቀችም» አለች። «ሰጥቻት ነው። እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። «ሦስት ማስጠንቀቂያ እየፈረምሽ ሥራሽን ለሰው ሰጠሽ? ማን ያምንሻል? ርኅራኄሽ ይገባኛል፣ ወደ ቦታሽ ተመለሺ። ስምሽ ከሰሌዳው ይነሳል።»

አላመናትም። ሌብነት ሲነገረው ወዲያው ገባው፤ አንዷ ለሌላዋ እንጀራዋን ስታካፍል ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ከምናደድበት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። ሻምበል ጋሪውን በትከሻዋ ያቆመችለት ያው ሰው፣ ትከሻዋ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። የሥራ ልብሷን አስረክባ አሁኑኑ እንድትወጣ አዘዘ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተን በሩን ዘጋን። ዝምታ እዚያ ፈነዳች።

«ለምን ሰረቅኩ አልሽ?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች ሻምበል። «ሁለት ወር ሙሉ! አንዳችሁ እንኳ አሞሻል ወይ አላላችሁም! ይሄን ሁሉ አንሶላ ከመተኮስ እሱን መጠየቅ ይከብዳል?»

«ይከብዳል!» ብላ ጮኸች ዝምታ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ካንቺ ጋር ይከብዳል! ስንፈራሽ ነው የኖርነው! ስትረጂን እየተሰደብን፣ ልንረዳሽ ስንል እየተኮረፍን! አመመኝ ብትዪ ትሞቻለሽ? አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ አመመኝ ብትዪ ኖሮ ዛሬ ሌባ ስትባዪ ቆሜ አልሰማም ነበር! አልምርሽም! ገናም ሆነ ሌላ፣ አልምርሽም!»

ሻምበል ዝም አለች። ይህን ዝምታ እናውቀዋለን፤ ብልህ ሰው ቦታ የሚለቅበት ነው። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እሷ ኮቷን በግራ እጇ ከሚስማሩ አውርዳ በሥራ ጋዋኗ ላይ ልትደርበው ጀመረች።

«ጋዋኑን አስረክቢ ብለዋል እኮ» አለች የመንታዎቹ እናት ቀስ ብላ።

«አላስረክብም።»

«ኧረ ባክሽ፣ ሌላ ጣጣ እንዳያመጡብሽ…»

«አይወልቅልኝም!» አለች ሻምበል። ጋዋናችን በራስ በኩል የሚጠለቅ ነው። «ክንዴ ከዚህ በላይ አይነሳም። ሌሊቱንም ለብሼው ነው የማድረው። ሁለት ወር ሙሉ። ምን ታፈጡብኛላችሁ? ያመኛል! አልኩ፣ ይኸው! ያመኛል! አውልቁልኝ!»

የመንታዎቹ እናት ከታች ያዘች፣ እኔ የግራውን እጅጌ። ትከሻዋ አብጦ ጨርቁ ተጣብቆበታል። «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! አንሶላ መሰልኳችሁ?» እያለች ትጮኻለች፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፣ እሱንም በእኛ ላይ ትቆጣለች። ዝምታ በቀኝ በኩል ዞረች፤ ፊቷ አሁንም በቁጣ እንደጨለመ ነው።

«አፍሽን ዝጊና ክንድሽን ስጪኝ» አለቻት።

ሻምበል አፏን ዘጋች፣ ክንዷንም ሰጠቻት።